የአንድ ቀን ሻለቃ

መስከረም 22

ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለሻምበል ሐኪም፤ ካለህበት ጦር ሰፈር፤

የሚከተለው ዜና ከባድ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሻምበል ሐኪም የማዕረግ እድገት ተስፋ፣ ባደረበት ጽኑ ሕመም አራት ዓመት ሙሉ በቦርድ ሲረዳ ቆይቶ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ በልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ በሹመት ዝርዝር ሦስት ጊዜ ታልፏል። ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለቦርዱ አባላት ደግሞ የማይለቅ የጥርስ ሕመም እንመኛለን።

ሳቅክ? አትሳቅ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኩት።

«ዝርዝሩ ወጣ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልወጣም። ግን ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርህ? ዝርዝር ለእናንተ ከመውጣቱ በፊት ለእኛ ነው የሚመጣው። ተሿሚው በሹመቱ ቀን ማዕረጉን ትከሻው ላይ አድርጎ መቆም ስላለበት፣ ጠቅላይ መምሪያው ቀደም ብሎ ለማን ስንት ጥንድ እንደምንሰፋ ይልክልናል። የቤቱ ባለቤት ማስተር ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ሰካው። ከሕክምና ክፍል ሰባት ሻለቃ። ስማቸውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከታች ወደ ላይም አነበብኩ። ገልብጬም አየሁት፣ ጀርባው ባዶ ነው። የለህም።

ማን እንዳለ ልንገርህ? አብሮህ የተመረቀው ባለ ሽቶው። ዛሬ ሊለካ መጣ። እሱ ከገባ በኋላ ቤቱን ለማናፈስ ሁለቱንም መስኮት ከፈትን።

«ትከሻዬ ላይ ጠበቅ አድርጊው» አለኝ።

«አይዞህ፣ ይይዝልሃል። ከባድ ነገር ተሸክሞ የማያውቅ ትከሻ ነው» አልኩት። ማስተር በመቀሱ እጀታ ጎኔን ወጋኝ።

ይሄ ሰው እኮ ከዋናው ሆስፒታል ወጥቶ አያውቅም! ያከመው ትልቁ በሽታ የጄኔራል ጉንፋን ነው። አንተ የወታደር ሚስት በጭነት መኪና ላይ አዋልደሃል።

ተናድጃለሁ። በማን መሰለህ? በአንተ። «ሥራዬ ራሱ ይናገራል» ትላለህ። ሥራህ አፍ የለውም ጋሼ! አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ደብድበህ «ለምን?» ብለህ ታውቃለህ? ለቀዶ ሕክምና ትምህርት የሚላከው ሻለቃ ብቻ መሆኑን፣ ዕድሜውም ከሠላሳ አምስት እንዳያልፍ መባሉን ያስረዳኸኝ አንተው ነህ። ሰኔ ላይ ሠላሳ ስድስት ትሞላለህ። የቀረህ የየካቲቱ ዝርዝር ብቻ ነው። እሱም ካለፈህ፣ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው እባጭና ተቅማጥ ስታክም መኖርህ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ የአሻንጉሊቴን ሆድ ቀደህ የሰፋኸው? (አሰፋፍህም አስቀያሚ ነበር። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም።)

ለእማዬ አልነገርኳትም፣ እንዳልከኝ።

በስንቅ መኪናው ሾፌር እጅ አንድ ጥቅል ልኬልሃለሁ። ለብቻህ ክፈተው። ውስጡ ያለውን ማስታወሻ ሳታነብ እንዳትናደድ፤ ካነበብክ በኋላ ትደርስበታለህ።

ታናሽ እህትህ
ቁንጫ


ጥቅምት 9

ቁንጫ፤

ሰላምታ አልጽፍም። እንዴት እንደሰነበትኩ ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ጥቅልሽ ደርሷል። «ለብቻህ ክፈተው» የሚለው ደብዳቤሽ ግን በፖስታ ከረጢት ከጥቅሉ አንድ ቀን ዘግይቶ መጣ። እዚህ ለመኮንን የሚላክ ጥቅል ሁሉ አዛዡ ቢሮ ተፈትቶ ነው የሚታየው። አዛዡ፣ ሌተና ኮሎኔሉ፣ በገዛ እጁ ፈታው። አዲስ የሻለቃ ማዕረግ፣ ጥንድ፣ የስፌት ቤታችሁ ማኅተም ባለበት ወረቀት ተጠቅልሎ። ማስታወሻሽ ከወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ተሸጉጦ ቀረ። እዚህ ያለ መኮንን ሁሉ ደግሞ ማዕረግ ከሹመት ደብዳቤ ቀድሞ እንደሚመጣ ያውቃል። አዛዡ ራሱ ሌተና ኮሎኔል መሆኑን የሰማው ከእናንተ ጥቅል ነው።

የአንድ ወታደር እባጭ እያፈረጥኩ ነበር። ጥሪው መጣ፤ ጓንቴን እያወለቅኩ ወጣሁ። ሦስት መቶ ሰው ተሰልፏል። አዛዡ የሻምበልነቱን ፈትቶ ያንቺን አደረገልኝና ጆሮዬ ሥር፣ «ከእኔ አልፎ ሄደ ማለት ነው። እንኳንም ሄደ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አልጠየቅኩም፤ ደስታው ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። እባጩን ያፈረጥኩለት ልጅ እንኳ ፋሻው እየተጎተተ በአንድ እግሩ ዘሎ መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ሻለቃ ነበርኩ፣ ቁንጫ። አምኜው ነበር። መስታወት ስለሌለኝ በመድኃኒት ሣጥኑ ክዳን ራሴን አየሁ። ጎን ለጎን ዞሬም አየሁ። ለትምህርቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። ለእማዬ ጻፍኩ፤ ደብዳቤው በዚያው መኪና ሄዷል። በማግስቱ የፖስታ ከረጢቱ መጣ። ሟች ማን እንደሆነ አነበብኩ። ከዚያ የጥቅሉን ወረቀት ዘርግቼ ማስታወሻሽን አገኘሁት፦ «ቦርዱ እምቢ ስላለ፣ በእኔ በቁንጫ ሙሉ ሥልጣን ሻለቃ ተብለሃል። ለትራስህ አድርገው።»

ለትራሴ።

ያልተሰጠ ማዕረግ መልበስ እንደሚያስከስስ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመሽ ሳቅሽ ነው፤ አሁን ደግሞ እኔን ሊያቆመኝ ነው። ማዕረጉን በእጄ ፈትቼ አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እውነቱን ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንግዲያው አላለፈም» ብቻ አለ። እንደ ደንቡ ለሰው ኃይል መምሪያ ሪፖርት አድርጓል። መርማሪ ይልካሉ። አንቺም ጋ ይመጣል። የሚጠይቅሽን በእውነት መልሺ። ቀልድ እንዳትጨምሪ።

እማዬ ደብዳቤዬን ሳታነብ ቀድመሽ ውሰጂባት።

ወንድምሽ
ሻምበሉ


ጥቅምት 23

ጋሼ፤

ይቅርታ። ይቅርታ። አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለመድኃኒት ሣጥኑ ክዳን። ማስታወሻውን ስጽፍ አንብበህ «ይቺ ጅል» ብለህ ትስቃለህ ብዬ ነበር። ጎን ለጎን ዞረህ ማየትህን ሳነብ ግን የያዝኩትን ሸሚዝ እጅጌ ከአንገቱ ጋር ሰፋሁት።

ስለ እማዬ፦ አልደረስኩም። ሮጬ ነበር፣ ቤት ስገባ ደብዳቤህ አምስት ጎረቤት ዞሮ ተመልሷል። በማግስቱ ስፌት ቤት መጣች። ማስተርን፣ «የሻለቃ ማዕረግ እንዴት ያለ ነው? አንድ ጊዜ አሳዩኝ» አለችው። ያለቀው የባለ ሽቶው ብቻ ነበር። እጇ ላይ አደረግኩላት። ሳመችው ጋሼ። የባለ ሽቶውን ማዕረግ ሳመችው! ከመጋረጃው ጀርባ ሄጄ ክንዴን ነከስኩ። ገና አልነገርኳትም።

አሁን ንዴትህን አስቀምጥና ይሄን አንብብ። ወይም ይዘኸው አንብብ፤ ይጠቅምሃል።

መርማሪ ያልከው መጣ። ከሰው ኃይል መምሪያ መዝገብ ቤት የተላከ ኮስታራ አስር አለቃ ነው። ቀልድ አትጨምሪ ብለኸኝ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ጥያቄ ድረስ ቻልኩ።

«ማዕረጉን እንድትሰፊ ያዘዘሽ ማነው?»

«ንዴት።»

«ሙሉ ስሙ?»

ብቻ የተጠየቅኩትን ፈረምኩ፣ ጥፋቱም የእኔ ብቻ መሆኑን ጻፍኩ። ሊሄድ ብድግ ሲል ሱሪው ከወንበራችን ሚስማር ጋር ተያይዞ ኖሯል፣ ከኋላ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። (ሚስማሩን እኔ አላደረግኩትም። እንዳለ ግን አልነገርኩትም።) መጋረጃ ውስጥ አስቀምጬው ሱሪውን ተቀበልኩ። እንግዲህ ሱሪው እኔ እጅ ነው፣ የት ይሄዳል? መጠየቅ ጀመርኩ።

«ቦርዱ ወንድሜን ምን በድሎት ነው ሦስት ጊዜ የጣለው?»

«ማን ጣለው?» አለኝ ከመጋረጃው ውስጥ። «የወንድምሽ ፋይል ቦርድ ፊት ቀርቦ አያውቅም።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «እንዴት?»

«ግምገማ የለውማ። በየስድስት ወሩ አዛዡ ሞልቶ መላክ አለበት። ከእሱ አንድም አልመጣም። ግምገማ የሌለው ፋይል ከመደርደሪያ አይወርድም። የእሱ ውስጥ ያለው የቅጥር ቅጽ፣ ፎቶና የክትባት ካርድ ነው። ፎቶው ላይ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኗል።»

«አራት ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ለምን አልጠየቃችሁም?»

«ያልመጣን ወረቀት እንዳልመጣ በምን እናውቃለን?» አለኝ። ይሄን ያለኝ ያለ ሱሪ ተቀምጦ ነው፣ ግን ከልቡ ነው ያለው። ጋሼ፣ ሱሪውን በመቀስ ቁምጣ ላደርገው ለጥቂት ነው!

ገባህ? ማንም እምቢ አላለህም። ማንም አላየህም! ሦስት ጊዜ ተጣልኩ ብለህ አንገትህን ደፍተህ የሰነበትከው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ሳትቀርብ ነው። ግምገማ ምስጢር ነው፣ የተገመገመው ሰው አያየውም ትል ነበር። አሁን ግን እየው። አዛዡ ጋ ግባ። የአራት ዓመቱ ስምንት ግምገማዎች የት ገቡ በለው። «እንኳንም ሄደ» ብሎህ የለ? ከእሱ እጅ ያልወጣ ነገር ባይኖር እንዲህ ይላል? ለየካቲቱ ዝርዝር ፋይል የሚዘጋው ኅዳር 30 ነው፤ ይሄንንም ሱሪውን ሳልመልስለት ነው የጠየቅኩት።

እባክህ ለአንድ ቀን ጨዋነትህን ተወው።

ቁንጫ


ኅዳር 8

ቁንጫ፤

አዎ፣ ጠይቄዋለሁ። አዎ፣ ጽፎታል። ስምንቱንም።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የጠረጴዛውን ታችኛ መሳቢያ ከፈተና አንድ ላይ አወጣቸው። በገዛ እጁ የተሞሉ፣ የተፈረሙ፣ ማኅተም የተመቱ፣ እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው። ቆሜ አነበብኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ስለ እኔ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። የመጨረሻው መስመር ስምንቱም ላይ አንድ ነው፦ «ይህ መኮንን ሻለቃ ሆኖ ለቀዶ ሕክምና ትምህርት እንዲላክ አበክሬ እጠይቃለሁ።» ስምንት ጊዜ አበክሮ ጠይቆ፣ ስምንት ጊዜ ቆልፎበታል።

«ለምን?» አልኩት።

ከእኔ በፊት እዚህ ሌላ ሐኪም ነበረ። አዛዡ የእሱን ግምገማ በወቅቱ ላከ፤ ሰውየው አደገ፣ በሳምንቱ ተዛወረ። ምትክ ሁለት ዓመት አልመጣም። በዚያ መሀል አንድ የወጥ ቤት ወታደር ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ። አዛዡ ራሱ መኪና ላይ ጭኖት ወጣ፤ ልጁ መንገድ ላይ፣ ራሱን አዛዡ ጭን ላይ እንዳደረገ ሞተ። «ግምገማህን ስጽፍ እውነቱን እጽፋለሁ» አለኝ። «ልልከው ፖስታ ሳነሳ የልጁ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ይከብደኛል። በሚቀጥለው እልካለሁ እያልኩ ነው አራት ዓመት የሆነው።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መጀመሪያ አልጮህኩም። ቀጥሎ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም። «አንተ!» አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ አለቃዬን፣ አንተ አልኩት። «አንተ ማነህ የእኔን ዕድሜ የምትቆልፈው? ሐኪም ካጣህ ሐኪም አምጡ ብለህ እነሱ ላይ ጩህ! ዝም የሚለውን አየህና እኔን ቆለፍክ!» ነርሱ ከክሊኒክ ሰምቶ መጣ። አዛዡ አልገሠጸኝም። «ልክ ነህ» ብቻ አለኝ። እሱ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ስምንቱንም ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ መሸኛውን ፊቴ ፈረመ፣ ሰጠኝ። ፖስታው ከፊቴ ነው። ሾፌሩ የሚመጣው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

አሁን የምጽፍልሽን አትሳቂበት። ትናንት አንድ ወታደር ከሆዱ በስተቀኝ ታች አመመኝ ብሎ መጣ። ትርፍ አንጀት እንደሆነ አውቄያለሁ። መቅደድ ስላልተማርኩ መኪና ላይ ጭኜ ላክሁት። ደርሷል፣ ተርፏል። ባይደርስስ? እዚህ ብቀር የምጠቅማቸው እስከ ቆዳቸው ድረስ ነው። ብሄድ ደግሞ እስከ ቆዳቸውም የሚያክማቸው የለም። ፖስታውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እሱ ያደረገውን እያደረግኩ እንደሆነ ሳየው በራሴ እናደዳለሁ።

ልላከው? ቀልድ ሳትጨምሪ መልሺልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 15

አንተ ሰው፤

ጋሼ አልልህም ዛሬ። ልላከው ወይ?! ይሄ ይጠየቃል? ቀልድ አትጨምሪ ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም በሕይወቴ እንዲህ ቀልድ ርቆኝ አያውቅም።

ላከው። ይህን የማነብልህ እዚያ ድረስ መጥቼ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ፖስታውን ከእጅህ ነጥቄ የሾፌሩ ኮሌታ ውስጥ እሰፋው ነበር። ይህን ደብዳቤ የያዘልህም እሱ ነው። ማክሰኞ ፖስታውን ሳይቀበል ቢመለስ፣ ካፖርቱን ከነኪሱ እንደምሰፋበት ነግሬዋለሁ። ያውቀኛል።

ለአዛዡ አዝኛለሁ። እውነቴን ነው፣ የወጥ ቤቱን ልጅ ሳነብ ማሽኑን አቁሜያለሁ። ግን የዚያን ልጅ ሞት አንተ ላይ ምን አመጣው? ሐኪም መላክ የነበረበት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ሰውዬ ደግሞ የት እንዳለ እነግርሃለሁ፤ ጠቅላይ መምሪያው ተቀምጧል፤ ባለፈው ወር ሁለት ሱሪ ሰፍተንለታል፣ ወገቡ ሰፍቶበታል። አዛዡ እሱ ላይ መጮህ ፈራና አንተን ቆለፈ። አሁን አንተ ደግሞ እሱ ላይ መጮህ ትፈራና ራስህን ልትቆልፍ ነው። አዛዡ የሐኪም ጥያቄውንም አብሮ ይጻፍ፣ በደብዳቤ፣ በቁጥር፣ በማኅተም! ግልባጩንም ያስቀር! አንተ ደግሞ ሂድና መቅደድ ተማር። ከተመኘኸውም ተምረህ እዚያው ትመለሳለህ፤ ያኔ አሞግስሃለሁ። አሁን ግን ከነዕውቀትህ እዚያ ብትበሰብስ አላሞግስህም፤ ጅል ነው የምልህ።

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ በጫማዋ አባረረችኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ አልዋሸም። አመነ እንጂ» አለች። ደጋግማ ነው ያለችው፣ ሌላ የሚከራከራት ሰው ያለ ይመስል። ለአምስቱም ጎረቤት ዞራ እውነቱን የነገረችው ራሷ ናት። እኔን አስከትላ።

ሌላም የምነግርህ አለ፣ ሳልነግርህ ልውጣ ብዬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ምርመራው አልቋል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል፤ ለአንዱ ቀን። አስር አለቃው ነው የነገረኝ፣ ቆሞ ነው የነገረኝ፣ ወንበራችን ላይ አይቀመጥም አሁን። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ አንተ ፋይልህ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ሆነ። በእኔ ምክንያት። ስለዚህ ያን ፖስታ ካልላክህ፣ ሠራዊቱ ስለ አንተ የሚያውቀው ያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይሄን ይዤ መኖር አልችልም።

ላከው። ላከው። ላከው።

ቁንጫ


የካቲት 6

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ባለፈው ደብዳቤህ «ዝርዝሩ ላይ ባልኖርም ንገሪኝ፣ እንዳትደብቂኝ» ብለሃል። አልደበቅኩህም። ማስተር ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ሰካው። ከሕክምና ክፍል አምስት ሻለቃ። ይህን ጊዜ በጣቴ አልተከተልኩም፤ ማስተርን፣ «አንተ አንብበው፣ እኔ ጀርባዬን አዞራለሁ» አልኩት። ሦስት ስም አነበበና አቆመ። «ምነው?» ስለው፣ «አፍንጫሽን ጥረጊና ክር አጠንጥኚ» አለኝ። ወርቃማውን። ላንተ።

አራተኛው ነህ ጋሼ። ያንተን ማስተር ራሱ ነው የሚሰፋው። እኔን እንዳልነካው ከልክሎኛል።

እማዬ የሹመት ደብዳቤው ካልመጣ አላምንም ብላ በሩ ላይ ቁጭ ብላለች።

ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንደኛ፣ ማን ይተካኛል? መጥታለች። አዛዡ ከግምገማህ ጋር አያይዞ የጻፈው ጥያቄ፣ ለካ የመጀመሪያው ነበረ፤ እሱም ከዚያ በፊት በቃሉ ሲያጉረመርም እንጂ ጽፎ አያውቅም ኖሯል። ሲጻፍ በሁለት ወር ተመለሰ። ገና የተመረቀች መቶ አለቃ ናት፣ ቀጭን፣ ነገር የማይገባት የምትመስል ግን የሚገባት። ማክሰኞ ለካኋት። «ስለ ቦታው ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «አንድ ነገር» አልኳት። «በየስድስት ወሩ አዛዡ ቢሮ ትገቢያለሽ። ግምገማው ምስጢር ነው ይሉሻል፤ አላየውም ትያለሽ። ፖስታው ሲታሸግ ግን ቆመሽ ታያለሽ፣ ከረጢት ውስጥ ሲገባም ታያለሽ፣ መኪናው እስኪሄድ አትንቀሳቀሺም። በጨዋነት እምቢ ካሉሽ ጨዋነቱን ተዪው።» ጻፈችው። በእጇ መዳፍ ላይ ነው የጻፈችው፣ በእስክሪብቶ።

ሁለተኛ፣ ንዴትሽ ወጣልሽ ወይ ላልከኝ፦ አልወጣልኝም። ደስ ብሎኛል፣ እየሳቅኩ ነው፣ እማዬንም ሁለት ጊዜ ተሸክሜ አዙሬያታለሁ። ግን በመሀል ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ፖስታው በሄደ ቀን ለአዛዡ ሰላምታ ሰጥተህ እጁን ሳትጨብጥ እንደወጣህ ጽፈሃል፤ ጥሩ አደረግክ ወይም መጥፎ አደረግክ ማለት አልቻልኩም። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ጠላት አለብን ብዬ ነበር። ቦርዱ ተሰብስቦ አንተን ሊጥል የማለ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምህን እየጠራ የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ በልቤ ስሰድባቸው ኖርኩ፣ አንዱንም አላውቀውም። ማንም አልነበረም። ጉዳዩን አገላብጬ ሳየው ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስጨርስም አልነበረም። ስምንት ቅጠል ወረቀት፣ አንድ መሳቢያ፣ አንድ ቁልፍ። ልጅ የሚያነሳው ነገር ነው። በጣም ትንሽ ነገር ነው ጋሼ፤ የሚያናድደኝም ትንሽነቱ ነው።

እህትህ
ቁንጫ